የድሮ ካውቦይ ፊልሞች የተቀረጹባቸው ቦታዎችና ሐዲዶቻቸው፦ ጓዲክስ፣ ታበርናስ፣ ቡርጎስ

የለገሃር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚያዝያ ለ5 ቀን ከጀርመን ወደ ደቡብ ስፔን ልሄድ ነው። ጣሊያናዊው የካውቦይ ፊልም ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ፊልሞቹን የቀረጸባቸውን ቦታዎች ማየት እፈልጋለሁ፤ በተለይ ባቡር የሚታይባቸውን። ፈልጌ የማገኘው ሁሉ ስለ መዝናኛ መንደሮቹ ብቻ ነው። የት ልረፍ? ያለ መኪና ይቻላል ወይ? ከጣቢያዎቹ ዛሬ ምን ቀርቷል? በሰሜን ስፔን ቡርጎስ ያለውን የፊልሙን የመቃብር ቦታስ በዚያው ጉዞ መጨመር ይቻላል? የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ካርታ አንባቢ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካርታውን ለሁለት ክፈለው። «አልሜሪያ» ሲባል ብዙ ሰው ሁሉም ነገር ታበርናስ በረሃ ውስጥ ያለ ይመስለውና ባቡሩንም እዚያው ይፈልጋል። ታበርናስ ሐዲድ የለውም። ሐዲዱ ከአልሜሪያ ተነሥቶ በጋዶር፣ በሳንታ ፌ፣ በጌርጋልና በፊኛና አድርጎ ወደ ጓዲክስ ይወጣል፤ በረሃውን በምዕራብ በኩል አልፎት ይሄዳል። እናም ለፊልም የተሠሩት ከተሞችና ደረቅ ወንዞቹ ታበርናስ ናቸው፤ ባቡሮቹ ግን ግራናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ጓዲክስና ላ ካላኦራ መካከል ያለው ሜዳ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል በኤ-92 አውራ ጎዳና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ።

አንተ የምትፈልገው ሜዳውን ነው። «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲጀመር ሦስቱ ሰዎች ባቡር የሚጠብቁበት ቦታ ላ ካላኦራ ጣቢያ አጠገብ ነው። ሴትየዋ ከባቡር የምትወርድበት ፍላግስቶን የሚባለው ከተማም የተሠራው እዚያው፣ ከእውነተኛው ጣቢያ ጎን ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ጣቢያ የእንጨት ነበር፤ ዛሬ የለም። ከፍላግስቶን ግን ጥቂት የጡብ ግድግዳዎች ሜዳው ላይ ቆመው ቀርተዋል። የቀሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ለቀረጻ የሚሠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት እንጨትና ልስን፣ ከኋላ ድጋፍ ብቻ ነው፤ እነዚህ ግን በጡብ የተገነቡ ነበሩ። ጣራ የላቸውም፤ ግድግዳዎቹም ማሰሪያ ስለሌላቸው ከሥራቸው መቆም አደገኛ ነው፣ በተለይ ነፋስ ሲኖር። አጥር ካገኘህ አትሻገር። ጡብ ለማስታወሻ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ የቀረው ጥቂት ነው።

ጣቢያው ከላ ካላኦራ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ሜዳው መካከል ነው። ከተማዋን የምትለየው ከጉብታው ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ነው፤ በ1509 ተጀምሮ በ1512 ያለቀ፣ በአራት ማዕዘኑ ክብ ግንብ ያለው። ከሩቅ ስለሚታይ እንደ ምልክት ተጠቀምበት።

ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1100 ሜትር አካባቢ ነው። በሚያዝያ ከበስተ ደቡብ ያለው ሴራ ኔቫዳ ገና በረዶ ይኖረዋል፣ ጠዋት ጠዋት ጃኬት ያስፈልጋል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታበርናስ ብትወርድ በሸሚዝ ነው የምትሄደው። አንድ ሻንጣ ውስጥ ሁለቱንም ያዝ።

ሐዲድ ቆጣሪ፦

ካርታ አንባቢ ያለው ትክክል ነው። ባቡሩን በተመለከተ ልጨምር።

ከጓዲክስ ወደ አልሜሪያ የሚሄደው ሐዲድ በ1895 የተከፈተ ነው፤ ወደ ሰሜን እስከ ሊናሬስ ያለው በ1899 ተሟላ። የተሠራበት ትልቁ ምክንያት የብረት ማዕድን ነው። የአልኪፌ ማዕድን ከሜዳው በሐዲዱ ወርዶ አልሜሪያ ወደብ ላይ በ1904 በተመረቀው የብረት መጫኛ ድልድይ ወደ መርከብ ይጫን ነበር፤ መጫኛው አሁንም ባሕሩ ዳር ቆሟል፣ ጊዜ ካለህ እየው። ከጌርጋል እስከ ሳንታ ፌ ያለው ቁልቁለት ደግሞ በስፔን ከዋና መስመሮች መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የተሠራበት ክፍል ነው፣ በ1911። ዛሬ የመንገደኛው ባቡር በናፍታ ነው የሚሄደው።

መስመሩ በሥራ ላይ ያለ ነው። ይህን አስምርበት፦ ሐዲዱ ላይ መቆም፣ በሐዲዱ መሄድ፣ ከመድረክ ወርዶ ፎቶ ማንሣት በሕግ የተከለከለ ነው። ሜዳው ገላጣና ነፋሻ ስለሆነ ባቡር ከኋላ ሲመጣ ድምፁ ቶሎ አይሰማም። ፎቶህን ከአጥሩ ውጪ ካለው የእርሻ መንገድ አንሣ፤ ረዘም ያለ ሌንስ ይበቃሃል።

በሐዲዱ ላይ በእግርህ መሄድ የምትፈልግ ከሆነ ሌላውን መስመር ያዝ። ከጓዲክስ ወደ ባሳ ይሄድ የነበረው ሐዲድ በ1985 መባቻ፣ ስፔን ብዙ የገጠር መስመሮችን በአንድ ቀን ስትዘጋ፣ አብሮ ተዘጋ። በ1968ቱ ፊልም ባቡር ሜዳ መካከል የሚታይባቸው ትዕይንቶች የተቀረጹት በዚያ መስመር፣ ጓዲክስና ኤርናን ባዬ መካከል ነው። ብረቱ ተነሥቷል፤ የአፈሩ ድልድልና ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። ከባሳ ወዲያ በአልማንሶራ ሸለቆ በኩል አንዳንዱ ክፍል ለብስክሌትና ለእግረኛ ተስተካክሏል። ያልተስተካከለው ክፍል ላይ ትናንሽ የውኃ ማሳለፊያ ድልድዮች በጎርፍ ተቦርቡረዋል፤ በብስክሌት ከሆነ ከእያንዳንዱ በፊት ወርደህ ተመልከት።

ስለ ባቡሮቹ ራሳቸው። ፊልሙ ውስጥ የምታየው የአሜሪካ ባቡር በስፔን ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። የስፔን ሐዲድ ስፋት 1668 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 1435 ነው፤ የ233 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። (ለማነጻጸር ያህል፣ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435፣ አሮጌው 1000 ነበር።) ባቡሩ ፊት ለፊት ሲመጣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ከተመለከትክ ወዲያው ይታወቅሃል። ለቀረጻ የስፔን ሎኮሞቲቮችን ወስደው ትልቅ ጭስ ማውጫ ይደርቡባቸዋል፤ ከፊት ከብት መግፊያ የሚባለውን ፍርግርግ ያስሩላቸዋል። የሚያስቸግራቸው በፉርጎው ጫፍ ያሉት ሁለቱ ክብ መግፊያዎች ናቸው፤ የአሜሪካ ፉርጎ እነዚህ የሉትም፤ እጅ ለእጅ እንደሚጨባበጥ መንጠቆ መካከል ላይ አለው። ፉርጎዎቹ በቅርብ ሲታዩ መጋጠሚያውን ተመልከት።

ጓዲክስ ጣቢያ አጠገብ ብዙ ፊልም ውስጥ የሠራችው 140-2054 ቁጥሯ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለች፤ የአገሩ ሰው «ባልድዊን» ይላታል። መጋዘን ውስጥ ስለምትቀመጥ ዝም ብለህ ሄደህ አታያትም። ከጉዞህ ሁለት ሳምንት በፊት ለጓዲክስ የቱሪስት ቢሮ ጻፍላቸው፣ የሚከፈትበትን ቀን ጠይቅ። የጣቢያው መድረክ ደግሞ በ1989 በወጣው ሦስተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ኢስኬንደሩን ተብሎ የታየው ነው፤ እሱን ለማየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።

የለገሃር ልጅ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያ ያለ መኪና ከሆነ ላ ካላኦራ በባቡር ወርጄ መመለስ እችላለሁ?

ሐዲድ ቆጣሪ፦

ባቡሩ ላ ካላኦራ ይቆማል ብለህ አትነሣ። በግራናዳና በአልሜሪያ መካከል በቀን የሚሄደው ባቡር በጣት የሚቆጠር ነው፤ እርግጠኛ ማቆሚያህ ጓዲክስ ነው። ከጓዲክስ ወደ ላ ካላኦራ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታክሲ ከሆነ መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ከነሰዓቱ ከመነሣትህ በፊት ተስማማ፤ ሜዳው ላይ ታክሲ አይገኝም። ብስክሌት ከሆነ መሄጃው 250 ሜትር ያህል ዳገት ነው፣ መመለሻው ቁልቁለት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በጠዋት ውጣ።

ሌላ ነገር፦ አልሜሪያ አካባቢ ለፈጣኑ ባቡር በሚሠራው ሥራ ምክንያት የመንገዱ የተወሰነ ክፍል በአውቶቡስ የሚተካበት ጊዜ አለ። ቲኬቱ ላይ በትንሹ ነው የሚጻፈው። የመነሻ ጣቢያህን ስም በደንብ አንብብ፤ መነሻው ሌላ ጣቢያ ሆኖ ሳለ ሰው አሮጌው ጣቢያ ቆሞ ባቡሩ ያመልጠዋል። የሰዓት ሰሌዳቸው 14:00 ካለ በእኛ 8 ሰዓት ነው።

ቀይ አፈር፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ያለ መኪና ይቻላል ማለት ይቻላል፤ ግን 5 ቀን ላለው ሰው ጊዜ ማባከን ነው። ሦስት ቀን መኪና ተከራይ። ትልቅ መኪና አያስፈልግም፤ ትንሽ መኪና ከመሬት ከፍ ያለ ከሆነ በቂ ነው። ስትረከቡ ስኮርት ጎማ መኖሩን የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍታችሁ እዩ። አሁን ብዙ የኪራይ መኪና በምትኩ የጎማ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው የሚይዘው። ያ ፈሳሽ ለምስማር ቀዳዳ ይሠራል፤ ድንጋይ ጎኑን የቀደደው ጎማ ላይ ግን አይሠራም፣ በጠጠር መንገድ የሚበዛው ደግሞ የጎን ቅደት ነው። የኪራይ ውሉም ብዙ ጊዜ ካልተነጠፈ መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳትን ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ይላል። አንብቡት።

ስለ ደረቅ ወንዞቹ ደግሞ አጥብቄ ልናገር። በስፔን ራምብላ ይሏቸዋል። አሸዋው ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ መንገድ ይመስላል፤ ታበርናስ ውስጥ ፈረሰኞቹ የሚጋልቡባቸው አብዛኞቹ ትዕይንቶች እነሱ ውስጥ ናቸው። በመኪና አትግቡ። አንደኛ አሸዋው ጎማ ይውጣል። ሁለተኛ ቦታው ከ1989 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ነው። ሦስተኛና ዋናው ጎርፍ ነው። ታበርናስ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 250 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው፣ አፈሩም ሸክላማና የተራቆተ ስለሆነ ውኃ አይመጥም። ዝናቡ ተራራው ላይ ሆኖ እናንተ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ጎርፉ ሊደርስባችሁ ይችላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የአገሩ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ቢጫ ማስጠንቀቂያ እንኳ ካወጣ በዚያ ቀን ወደ ራምብላ አትውረዱ። የአደጋ ስልኩ 112 ነው፤ ግን በገደሎቹ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስለዚህ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ውኃ በሚያዝያ ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን 2 ሊትር፣ በአውሮፓ በጋ ደግሞ እጥፉን ያዙ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ባትሄዱ ይሻላል፣ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ብርሃን ለኪ፦

ስለ ፎቶ የጠየቀ የለም፤ ግን ቦታውን በትክክል ለማግኘት ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ ልጻፈው። ቤቱ ይፈርሳል፤ ተራራው ግን ባለበት ይኖራል። ስለዚህ ፍለጋው ሁሉ በተራራው ጫፍ መስመር ነው።

ከቤት ሳትወጡ ከፊልሙ ስክሪንሾት አንሡ። ፊልሙ ሙሉ ስፋቱ ያለው ቅጂ መሆኑን አረጋግጡ። ለቴሌቪዥን ተቆርጦ የተዘጋጀው ቅጂ ግራና ቀኙን ያስቀራል፤ ከጎን ያለው ተራራ አብሮ ስለሚጠፋ ማነጻጸር አትችሉም። የሊዮኔ ፊልሞች ስፋትና ቁመት 2.35 ለ1 ነው። ካሜራችሁ 6000 በ4000 የሚያነሣ ከሆነ ፎቶውን ቁመቱን ወደ 2553 ቁረጡት፣ ከስክሪንሾቱ ጋር ይገጥማል።

ቀጥሎ ሌንስ። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት ቴክኒስኮፕ በሚባል አሠራር ነው፤ ከ35 ሚሊ ሜትሩ ፊልም ላይ ለእያንዳንዱ ምስል ከአራት ቀዳዳ ቁመት ይልቅ ሁለት ብቻ ይወስዳል። ምስሉ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ስለዚህ ሙሉ ሰንሰር (36 ሚሊ ሜትር ስፋት) ባለው ካሜራ ያንኑ እይታ ለማግኘት የፊልሙን ሌንስ ቁጥር (ሚሊ ሜትሩን) በ1.64 አብዙት፦ 25 ከሆነ 41፣ 50 ከሆነ 82። አነስ ያለ ሰንሰር ባላቸው፣ 23 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ካሜራዎች ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሰው ላ ካላኦራ ይደርስና ስልኩን ያወጣል። የስልኩ ዋና ሌንስ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሴራ ኔቫዳ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፤ «ቦታው ይህ አይደለም» ብሎ ይሄዳል። ቆሞ የነበረው ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። ስልክ ካላችሁ ባለሁለት ወይም ባለሦስት እጥፉን ሌንስ ተጠቀሙ።

አቋቋም ለማግኘት፦ ከስክሪንሾቱ ላይ በቅርብ ያለ አንድ ነገር (የግድግዳ ጠርዝ፣ የጣቢያው ጥግ) እና ከጀርባው በሩቅ ያለ የተራራ ጥርስ ምረጡ። ሁለቱ በአንድ ቋሚ መስመር እስኪውሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ሌላ ጥንድ ምረጡና ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለቱ ጥንዶች በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ካሜራው የቆመበት ቦታ ላይ ናችሁ። ተራራው ብቻ ከገጠመ በቂ አይደለም፤ ሩቅ ስለሆነ መቶ ሜትር ብትንቀሳቀሱም መልኩ አይለወጥም።

አቅጣጫውን መለየት እዚያ ሜዳ ላይ ቀላል ነው። ረጅም፣ ከፍ ያለና በረዶ ያለበት ሸንተረር ከታየ ካሜራው ወደ ደቡብ ነው። ዝቅ ያለና ጠቆር ያለ ከሆነ ወደ ሴራ ዴ ባሳ፣ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ደቡብ የምታነሡ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ናት፤ ወይ በማለዳ ወይ ወደ ማምሻው አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ ሜዳው ላይ በፊልሙ የሌለ ትልቅ ነገር አለ፦ አንዳሶል የሚባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ። ሦስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 50 ሜጋ ዋት፤ መስተዋቶቹ በጣም ሰፊ መሬት ይዘዋል። ከሩቅ ሐይቅ ይመስላል። አንዳንዱን እይታ ይጋርደዋል፤ ሁለት እርምጃ ዝቅ ብሎ ወይም ቁጥቋጦ አስጠግቶ ማንሣት ብዙውን ይሸፍነዋል።

ካርታ አንባቢ፦

እህቴ፣ በጣም ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽው። በዚያ ላይ የአየር ፎቶውን ልጨምር። የስፔን የካርታ ተቋም የድሮ የአየር ፎቶዎችን በነፃ ያሳያል። ሦስት ንብርብር ውሰዱ፦ በ1956 እና 57 አሜሪካኖች ያነሡትን፣ ከ1973 እስከ 1986 የተነሣውን፣ እና የቅርቡን። የመጀመሪያው ፊልሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ የግንባታዎቹ አሻራ አለ። ከሦስተኛው ጋር አንዱን በሌላው ላይ ብትደርቡት የመሠረቱን መስመር አሁን ካለው እርሻ ላይ በጥቂት ሜትር ልዩነት ታገኙታላችሁ። ስትደርቡ ማመሳከሪያችሁን ሐዲዱንና የጣቢያውን ሕንፃ አድርጉ። የእርሻ ድንበርና የጠጠር መንገድ በዘመናቱ ስለተቀየረ ያሳስታል።

ደግሞ ቀድማችሁ ዕወቁ፦ በፊልሙ አንድ ጉዞ የሚመስለው ሁለት አህጉር ሊሆን ይችላል። በ1968ቱ ፊልም ሴትየዋ በሠረገላ ከፍላግስቶን ስዊትዋተር ወደሚባለው ቤት ስትሄድ ከግራናዳ ሜዳ ተነሥታ በዩታ ሞንዩመንት ቫሊ በኩል አልፋ ታበርናስ ትደርሳለች። የዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድም የሚሰቀልበት የጡብ ቅስትም የተሠራው ዩታ ውስጥ ነው። እሱን በስፔን አትፈልጉ።

ቀይ አፈር፦

ታበርናስ ላይ ሦስቱ የካውቦይ መዝናኛ መንደሮች እነዚህ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ የእኔ ምርጫ ነው። ዌስተርን ሊዮኔ፣ ኤ-92 ላይ 378ኛው ኪሎ ሜትር አጠገብ፦ ስዊትዋተር የሚባለው ትልቁ የእንጨት ቤት እውነተኛው ያለው እዚህ ነው፤ ትንሽና ጸጥ ያለ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ፎርት ብራቮ፣ ኤን-340 ላይ 468ኛው፦ አሁንም ለቀረጻ ይሠራል፤ ሕንፃዎቹ በየጊዜው ስለሚታደሱ የድሮውን ከአዲሱ መለየት ያስቸግራል፣ መልክዓ ምድሩ ግን ጥሩ ነው። ኦዋሲስ ሚኒ ሆሊውድ፣ 464ኛው፦ የሊዮኔ ፊልሞች ቤት ነዳፊ ካርሎ ሲሚ «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» (1965) ለተባለው ፊልም የሠራው ከተማ ነው፤ በታሪክ ትልቁ እሱ ነው፣ ግን መካነ እንስሳትና መዋኛ ተጨምሮበት የቤተሰብ መዝናኛ ሆኗል። ለከተማው ብቻ ከሆነ ሲከፈት ግቡ፤ ሰው ሳይበዛ ጎዳናውን ባዶውን ታገኙታላችሁ።

ብርሃን ለኪ፦

ኦዋሲስን ከሥር ማድረግህ ልክ አይመስለኝም። የሲሚ ሥራ ባንኩን፣ አደባባዩንና የጎዳናውን ስፋት ለካሜራ ብሎ የለካበት ነው፤ ያንን ቆሞ ማየት ከሌሎቹ ይበልጣል። ለባቡር ለሚመጣ ሰው ዌስተርን ሊዮኔ ይሻላል ብትል እቀበልሃለሁ።

ቀይ አፈር፦

ለባቡር ሰው ነው ያልኩት፣ ተስማምተናል። በነፃ የሚታየውን ልጨምር። ሎስ አልባሪኮኬስ፣ ኒሃር ውስጥ፦ የ«ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» የመጨረሻ ፍልሚያ የተደረገባት ክብ ቦታ አውድማ ናት፤ አገሬው እህል የሚወቃባት። መንደሩ ትንሽ ነው፣ መኪናውን ከመግቢያው አቁማችሁ በእግር ግቡ። ከዚያ በጠጠር መንገድ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ኮርቲሆ ዴል ፍራይሌ ይገኛል። በ1928 በተፈጸመ ግድያ የታወቀ የድሮ እርሻ ቤት ነው፣ ስፔናዊው ጸሐፊ ሎርካም ድራማ ጽፎበታል። ግድግዳው እየፈረሰ ስለሆነ ውስጥ አትግቡ፣ ከውጪ ይበቃል።

ሰነድ ያዥ፦

ከአዲስ አበባ ወይም ከዓረብ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ በአጭሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፤ ከ15 ቀን በታች ከቀረው አይቀበሉም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩ በምትኖሩበት አገር ነው የምታመለክቱት፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከጉዞው በኋላ የሚያልፍበት ቀን ያለው ይሁን። የእስራኤል ፓስፖርት ላላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም፣ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ጠያቂያችን ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካለህ ቪዛ አያስፈልግህም፤ ፓስፖርቱንና የፈቃዱን ካርድ ዋናውን ያዝ፣ ኮፒ አይበቃም።

አብሩዞ፦

ጣሊያን ያላችሁም የምታዩት አለ። በ1970 የወጣው የመጀመሪያው የትሪኒቲ ፊልም ካምፖ ኢምፔራቶሬ በሚባለው የአብሩዞ አምባ ላይና ከሮም በስተ ሰሜን ማሳኖ ሮማኖ አጠገብ በሞንቴ ጄላቶ ፏፏቴ ተቀርጿል። ለሐዲድ ከሱልሞና ወደ ካርፒኖኔ የሚሄደው የ1897 መስመር አለ። መደበኛው ባቡር ቆሟል፤ አሁን በተወሰኑ ቀናት ታሪካዊ ፉርጎ ያለው የቱሪስት ባቡር ነው የሚሄደው። ሪቪሶንዶሊ–ፔስኮኮስታንሶ ጣቢያ 1268 ሜትር ላይ ነው። ቲኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ቀኑ ሲታወጅ ወዲያው ግዙ። ባቡሩ ግን ወደ ካምፖ ኢምፔራቶሬ አይሄድም፤ ለዚያ መኪና ያስፈልጋል።

የለገሃር ልጅ፦

በጣም ጠቅማችሁኛል። ስለ ቡርጎስስ?

ካርታ አንባቢ፦

በ5 ቀን ውስጥ አትደባልቀው። ከአልሜሪያ እስከ ቡርጎስ በመንገድ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ይሄድብሃል። ለብቻው ሦስት ቀን ስጠው፣ በግንቦት ወይም በሰኔ።

የ1966ቱ «ዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» የመጨረሻ ትዕይንት የተቀረጸበት ሳድ ሂል ከሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ሲሎስና ከኮንትሬራስ መካከል ባለው ሸለቆ ነው። ከ5000 በላይ የውሸት መቃብር የቆፈሩት የስፔን ወታደሮች ናቸው። ቀረጻው ሲያልቅ ተትቶ ሣርና አፈር ዋጠው። ከ2015 ጀምሮ የአካባቢው ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች አካፋና ዶማ መካከል ላይ ያለውን የድንጋይ ክብ አወጣው፣ ጉብታዎቹን አስተካክሎ መስቀል ተከለባቸው። አንድ መቃብር በስምህ አስመዝግበህ ለጥገናው ማዋጣት ትችላለህ። የሚሄዱበት መንገድ ጠጠር ነው። ዝናብ ካለፈ በኋላ ጭቃው መኪና ይይዛል፤ ያኔ ከሲሎስ በእግር ውጣ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ከብት የሚሰማራበት ስለሆነ የከፈትከውን በር መልሰህ ዝጋ። ክቡ ላይ ቆመህ ከማንሣት ይልቅ ከጎኑ ካለው ዳገት አንሣ፤ የመቃብሩ ቀለበቶች የሚታዩት ከላይ ነው።

በጦርነቱ ትዕይንት የሚፈነዳው ድልድይ አርላንሳ ወንዝ ላይ ነበር፣ ኦርቲጉዌላ አካባቢ። ካሜራ ሳይነሣ በስሕተት ስለፈነዳ እንደገና ተሠርቶ ነው ዳግመኛ የፈነዳው። ዛሬ ከድልድዩ የቀረ ነገር የለም፤ ቦታውን በወንዙ መታጠፊያና በኮረብታው ቅርጽ ነው የምትለየው። ወንዙ አጠገብ ያለው የሳን ፔድሮ ዴ አርላንሳ ገዳም ፍርስራሽም ፊልሙ ውስጥ አለ።

ሐዲድ ቆጣሪ፦

ወደ ቡርጎስ በባቡር የምትሄድ ከሆነ በካርታ የምታየውን ከማድሪድ በአራንዳ ዴ ዱዌሮ በኩል የሚያልፈውን የ1968 ቀጥታ መስመር አትመን። ከ2011 ጀምሮ ሶሞሲዬራ ዋሻ ውስጥ በተፈጠረ መደርመስ ተቆርጧል፤ ባቡሮቹ በባያዶሊድ በኩል ነው የሚዞሩት። ቡርጎስ ከደረስክ በኋላ ደግሞ ሳላስ ዴ ሎስ ኢንፋንቴስ አጠገብ የሳንታንዴር–ሜዲቴራኔዮ መስመርን ተመልከት። ከሜዲትራኒያን እስከ ሳንታንዴር ሊሄድ ታስቦ ሳንታንዴር ሳይደርስ የቀረ ሐዲድ ነው። ለእሱ የተቆፈረው ኤንጋኛ ዋሻ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ1959 አልቆ ባቡር አላለፈበትም። ይህም መስመር በ1985 መባቻ ተዘጋ፤ የተወሰነው አሁን የብስክሌት መንገድ ነው፣ ከሳላስ ተነሥተህ በቀላሉ ትሄድበታለህ።

የለገሃር ልጅ፦

ቡርጎስን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ሁለት ሌሊት ጓዲክስ፣ ሁለት ሌሊት ታበርናስ፣ መኪና ከጓዲክስ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከአልሜሪያ ወደ ጓዲክስ በባቡር ስወጣ በየትኛው በኩል ልቀመጥ?

ሐዲድ ቆጣሪ፦

ወደ ጓዲክስ ስትወጣ በግራ፣ ስትመለስ በቀኝ። ሴራ ኔቫዳና የላ ካላኦራ ቤተ መንግሥት በዚያ በኩል ናቸው። ከሳንታ ፌ እስከ ጌርጋል ድረስ ዳገቱ ላይ ግን በሁለቱም በኩል ገደል ስላለ ቆመህ እየተዘዋወርክ ተመልከት። ከፊኛና በኋላ ሜዳው ሲከፈት ካሜራህን አዘጋጅ፤ ዌኔሃ–ዶላር የሚባለውን ጣቢያ ካለፍክ ቀጣዩ ላ ካላኦራ–ፌሬይራ ነው፣ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ሌንሱን አስጠጋው፣ የመዝጊያ ፍጥነቱን ከ1/1000 ሰከንድ በታች አታድርገው። መኪናውን ደግሞ አሁኑኑ ያዝ፤ ጓዲክስ ላይ የሚከራይ መኪና ጥቂት ነው፣ ካጣህ ከግራናዳ ወይም ከአልሜሪያ ይዘህ ብትወጣ ይሻላል።